ማርሳቢት ላይ የቆመው መንገድ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ዓመቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ። የማስታውሰው ዝናብ እንደነበረ፣ ደግሞም የዓይን ሐኪሙ ቁርጡን ከነገረኝ በኋላ መሆኑን ነው። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው። ጣቱን ጆሮዬ አጠገብ እያወዛወዘ «ይታይዎታል?» ይለኛል፤ እኔም «ምኑ?» እለዋለሁ። በመጨረሻ ወንበሩን ሳብ አድርጎ በስዋሂሊ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። የዓይኔ ግፊት ከፍ ብሏል፤ ማየት የሚጠፋው ከዳር ጀምሮ ነው፤ መሃሉ መጨረሻ ድረስ ይቆያል። የሄደው አይመለስም፤ ጠብታውን ካላቋረጥኩ ግን የቀረው ቶሎ አይሄድም።

«ስንት ጊዜ ይቆይልኛል?» አልኩት።

«እሱን እኔም አላውቅም። ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ግን አይዘግዩ» አለኝ።

በማታቱ፣ በከተማው ሚኒባስ፣ ወደ ሰፈሬ ኢስትሊ ስመለስ፣ ማየት የምፈልገው ምንድን ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ የተወለደበትን ቀዬ ያስባል ይባላል። እኔ ፊቴ ድቅን ያለው መንገድ ነው። ከናይሮቢ ሞያሌ ያለው መንገድ፤ እሱም የዛሬው አስፋልት ሳይሆን የድሮው፣ አቧራና ድንጋይ የነበረው። ዕድሜዬን ካሚዮን የነዳሁት እዚያ ላይ ነው። ወደ ላይ ሳሙናና ቆርቆሮ፣ ወደ ታች ባቄላና ከብት። አስፋልቱ ሲገባ እኔም መሪውን ለቀቅሁ። ያ መንገድ ዛሬ የለም፤ የሌለ ነገር ደግሞ አይታይም ብዬ ሐሳቡን ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ነው የታብሌቱ ነገር የመጣው። ሴት ልጄ አዲስ ስትገዛ አሮጌውን ለእኔ ትታው ነበር፤ ስክሪኑ ሰፊ ነው፣ ለዓይኔ ይመቻል። መዝሙር ላስሞላበት ብዬ እኛ ሾፌሮች ከምንውልበት ምግብ ቤት ጎን ወዳለው ስልክ ጠጋኝ፣ እዚህ ፉንዲ ወደምንለው ሰው፣ ወሰድኩት። መዝሙሩን ሞላና «ምርቃት ጨምሬልዎታለሁ» አለኝ። ምርቃቱ ጨዋታ ነበር። ካሚዮን የሚነዳበት ጨዋታ።

ሳቅሁ። እቤት ወስጄ ለሚስቴ አሳየኋት። ሚስቴ የአስመራ ልጅ ናት፤ እዚሁ ኢስትሊ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች፤ ምላሷም እንደ በርበሬዋ ነው።

«ሃያ ጎማ ያለው አልበቃህ ብሎ አሁን ደግሞ ጎማ የሌለው?» አለችኝ።

ጎማ ባይኖረውም ነዳሁት። መቼስ ሥራ የለኝ። ከናይሮቢ ወጣሁ፣ ኢሲዮሎን አለፍኩ፣ አስፋልቱ አለቀና ኮረኮንቹ ጀመረ። ጀርባዬ ቀጥ ያለው ያኔ ነው። ያ መንገድ በሙሉ እንደ ልብስ ማጠቢያ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ነበር። በዝግታ ከሄድክበት ብሎን አንድ በአንድ ይፈታል፣ ጥርስህ ይላቀቃል። ሾፌር የሆነ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ፍጥነት ይጨምራል፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ጎማው ከሽብሽቡ ጫፍ ጫፍ ላይ መርገጥ ይጀምርና መኪናው ዝም ይላል፤ የምትንሳፈፍ ይመስልሃል። ይህንን ያልነዳበት ሰው አያውቅም። ታብሌቱ በእጄ ውስጥ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ እስቲ ብዬ ፍጥነት ጨመርኩ። ጨመርኩ፤ ጨመርኩ፤ ድንገት መንቀጥቀጡ ቀጥ አለ።

«ይህንን የሠራው ማነው?» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ምን ሆንክ አንተ ሰውዬ?» አለች ሚስቴ ከወዲያኛው ክፍል።

«አንድ የሚያውቅ ሰው አለ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ያሳክከኝ ጀመር። ማነው? ሾፌር ነው? ሾፌርማ ከሆነ ሁላችንም እንተዋወቃለን። እየነዳሁ አጠናው ጀመር። ሜሪሌ ወንዝ ላይ ያለው አሸዋ ልክ ነው። ላይሳሚስ ጋ ያሉት ዛፎች ልክ ናቸው። አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ፤ ዕይታው ከፍ ያለ ነው። ሾፌር ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ የሚያየው የመኪናውን አፍንጫና ከፊቱ ያለውን አቧራ ነው። ይህ ግን የግራሩን አናት ያሳይሃል። ሦስት ቀን አሰብኩበት። በአራተኛው ገባኝ፤ ይህንን መንገድ ያየው ሰው የተቀመጠው ጭነቱ ላይ ነው።

ማርሳቢት ስደርስ ጨዋታው ቆመ። ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ፣ በስዋሂሊና በአማርኛ ጽሑፍ መጣ። አማርኛውን አነበብኩ፦ «መንገዱ ለጊዜው እዚህ ያበቃል። ሞያሌ ድረስ ያለውን እየሠራሁ ነው። ስህተት ካያችሁ ንገሩኝ።» ከሥሩ የስልክ ቁጥር አለ።

ይታያችሁ እንግዲህ። ከማርሳቢት ወዲያ ነው ዋናው። ዲዳ ገልገሉ የሚባለው፣ እንደ ከሰል የጠቆረ ድንጋይ የለበሰ በረሃ፣ ቀጥሎ ቱርቢ፣ ቀጥሎ ከሩቅ የሞያሌ ኮረብታ። ከኮረብታው ማዶ አገሬ ነው። የሐኪሙ ጥያቄ መልሱን አገኘ፤ ማየት የምፈልገው እሱን ነው፣ ዓይኔ ሳይዘጋ። ለመጻፍ እጄ አይፈጥንም፤ በድምፅ መልእክት «እኔ የድሮ ሾፌር ነኝ፤ የሜሪሌ መሻገሪያሽ ላይ አንድ ስህተት አለ፤ የተረፈውስ መቼ ይደርሳል?» ብዬ ላክሁ። ለምን «ሽ» እንዳልኩ አላውቅም፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። በማግስቱ የመለሰችልኝ ሴት ናት። «አባባ ፕሊዝ መጥተው ያሳዩኝ» አለችኝ።

የምትኖረው ኪሌሌሽዋ የሚባል የናይሮቢ ሰፈር ነው፤ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ክፍል። ሠላሳን ያለፈች ሴት፤ እናትና አባቷ የእኛው አገር ሰዎች ናቸው፣ እሷ እዚሁ ያደገች፣ አማርኛዋ ከስዋሂሊና ከእንግሊዝኛ ጋር እየተጋፋ የሚወጣ። እኔ ቢሮ ነገር፣ ብዙ ሠራተኛ፣ ብዙ ኮምፒውተር ጠብቄ ነበር።

«ሌሎቹ የት አሉ?» አልኳት።

«የትኞቹ ሌሎች?»

«ይህንን የሚሠሩት።»

«ኒ ሚሚ ቱ፣ አባባ። እኔው ብቻ ነኝ» ብላ ሳቀች።

ግድግዳው ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ረጅም ወረቀት ተለጥፏል፤ መንገዱ በእርሳስ ተሥሎበታል፤ በየስንዝሩ ማስታወሻ አለ። መስኮቱ ጫፍ ላይ ጥቁር ድንጋዮች ተደርድረዋል። አንዱን አንስቼ አገላበጥኩት።

«ይህ የዲዳ ገልገሉ ነው።»

«እንዴት አወቁ?»

«ስንት ጎማ በልቶብኛል! አሁን እኔም ልጠይቅሽ። አንቺ ያንን መንገድ የሄድሽው ጭነት ላይ ተቀምጠሽ ነው አይደል?»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሰባት ዓመቷ ሆኖ ከእናቷ ጋር ከሞያሌ ናይሮቢ የመጣችው በከብት መኪና ላይ፣ ከከብቶቹ በላይ ባለው ብረት ላይ ተቀምጣ፣ እናቷ በነጠላዋ ከራሷ ጋር አስራት ነው። ለማንም አልተናገርኩም አለችኝ። እኔም ያወቅሁት ከግራሩ አናት መሆኑን ነገርኳት። ከዚያ በኋላ እንግዳ መሆኔ ቀረ።

ጥያቄዬን አዘነብኩባት። መንቀጥቀጡን ከየት አመጣሽው? ዛሬ አስፋልት አይደል? እሷም አስረዳችኝ። ከአስፋልቱ ጎን የድሮው መንገድ ቁርጥራጭ እዚህም እዚያም ተርፏል፤ ሞተር ሳይክል ተከራይታ፣ ስልኳን ደረቷ ላይ አስራ፣ ስልኩ ንዝረቱን እየመዘገበ ተመላለሰችበት። አንድ ጊዜ አይደለም፤ በሦስት ጉዞ። በሁለተኛው ወድቃ ክንዷ ተሰብሯል፤ ጠባሳውን አሳየችኝ።

«ለመንቀጥቀጥ?» አልኳት።

«ውሸት ከሆነማ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

የጭነት መኪና ሸራ በነፋስ ሲጋረፍ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ እሱን ለመቅዳት ኢሲዮሎ መናኸሪያ ሁለት ቀን ተቀምጣለች። ወደ ማምሻ አቧራው የሚይዘውን ቀለም ለማግኘት አንድ ወር ፈጅታለች። እኔ በዕድሜዬ እንጨት ጠራቢ፣ ጎማ ጠጋኝ፣ ሞተር የሚያወርድ ሰው አይቻለሁ፤ አቧራ የሚሠራ ሰው ግን ያን ቀን ገና ማየቴ ነው።

«ሞያሌ መቼ እንገባለን ታዲያ?» አልኳት።

ሻይ ቀዳችልኝ። ከዚያ በመስኮቱ እያየች «አንገባም፣ አባባ» አለች። ወሩ ሲያልቅ ሥራ ልትገባ ነው፤ ቢሮ ነው፣ የማስታወቂያ ሥራ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ። የቀረው የመንገድ ቁራጭ ገና አንድ ዓመት ይፈልጋል፤ ጨዋታውን የሚገዛው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ኪራዩን አይሸፍንም። «የሚገርመው» አለች «ኢስትሊ ውስጥ ብዙ የሚጫወት አለ። ድምፅ ይልኩልኛል፣ ያመሰግኑኛል። ግን ከኢስትሊ የገዛ ሰው አላይም። ሲጁኢ፤ እንዴት እንደሆነ አልገባኝም።»

እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ደረቴን ነፋሁ።

«እኔ ነኛ!» አልኳት። «ከፉንዲው ጋ ወስጄ ለአስራ አንድ ሰው አስገልብጬላቸዋለሁ! ለሾፌሮቹ ሁሉ! አንድ ሳንቲም አልተቀበልኳቸውም!»

እባካችሁ አትፍረዱብኝ። በእኛ ሥራ ያለህን ደብቀህ ብቻህን የተጠቀምክ ዕለት ሾፌር አይደለህም። በረሃ ላይ ውሃህ የሁሉም ነው፣ ክሪክህ የሁሉም ነው፣ ትርፍ ጎማህ የሁሉም ነው። እኔ መልካም ነገር አግኝቼ ለጓደኞቼ ሳላዳርስ ብቀር ነበር ነውሩ። እሷ ትደሰታለች ብዬ ፊቷን አያለሁ፤ ፊቷ ግን እንደ ጠፋ መብራት ሆነ።

«ኢትስ ኦኬ፣ አባባ» አለች።

ሴት ልጄም ይህችን ቃል ታውቃታለች፤ ደህና ባልሆነ ጊዜ ነው የምትላት። የሜሪሌን ስህተት እንኳ ሳላሳያት ወጣሁ።

እቤት ገብቼ ለሚስቴ ነገርኳት። ሽሮ እየነፋች አዳመጠችኝ።

«እኔ እኮ አልሰረቅኋትም» አልኩ። «ቢገለበጥም ዋናው እሷው ጋ አለ። አንዲት ነገር አልጎደለባትም።»

«ቀኗስ?» አለች ሚስቴ፣ ወንፊቱን ሳታቆም። «ክንዷን ስትሰብር የዋለችበት ቀን እሷ ጋ አለ?»

እሷም አላበቃችም። «የእኔን ሽሮ ሰው ከሱቅ አንስቶ ለሰፈሩ ቢያድልልኝ፣ አድራጊው በሰፈሩ ቸር ይባላል፤ እኔ ግን ሁለተኛ ሽሮ አላስፈጭም። ሞያሌ መግባት የምትፈልግ አንተ፤ መኪናውን ያቆምከውም አንተ።»

በማግስቱ መጀመሪያ የራሴን ከፈልኩ። ዋጋው እዚያው ምግብ ቤት ሁለት ሰው በልቶ ሻይ የሚጠጣበት ያህል ነው፤ ከዚያ አይበልጥም። ከዚያ ጓደኞቼ ዘንድ ሄድኩ። አስራ አንዱም ተሰብስበዋል፤ ሁለቱ ታብሌት ላይ ተደፍተው ማን ቀድሞ ማርሳቢት እንደሚገባ ይወራረዳሉ። ነገሩን ከስር ከመሠረቱ ነገርኳቸውና «እንክፈላት» አልኩ።

ሳቁ ጣራውን ነካ።

«ለሌለ መንገድ ቀረጥ ክፈሉ ነው የምትለን?»

«ናፍጣውንስ? እሱንም እንቅዳለት?»

ከሁላችን የሚረዝመው፣ በምላሱም የማይቻለው ሾፌር፣ «እኔ የታመመው ዓይንህ ብቻ መስሎኝ ነበር!» አለ። ይኼኔ ምግብ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

ሳቁ በረድ ሲል «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት ረጅሙን። «ሜሪሌ ሲሞላ ማን ነበር የሚያሻግርህ?»

«ዱላ የያዘው ሰውዬ ነዋ።»

የማታውቁት ካላችሁ፣ ወንዙ ሞልቶ ሲመጣ በዚያ አገር የተወለደ ሰው ነበር፤ ዱላ ይዞ ከመኪናው ፊት ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ጉድጓዱንና ድንጋዩን በዱላው እየነካ፣ አንዳንዴ ውሃው ደረቱ ድረስ እየደረሰ፣ በእጁ ምልክት ይሰጥሃል። እሱ በረገጠበት ትረግጣለህ።

«መኪናህን ይገፋልህ ነበር?» አልኩት።

«ይገፋል እንዴ!»

«ነዳጅ ይሰጥህ ነበር?»

«ከፊት ነው የሚሄደው እንጂ ምን ይሰጠኛል!»

«ታዲያ ስንት ትከፍለው ነበር?»

«የጠየቀኝን» አለ ረጅሙ። ቀጥሎም «ይሄ ደግሞ ሌላ ነው» አለኝ። «እሱ ነፍሱን ይዞ ነው ውሃ የሚገባው። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው።»

የክንዷን ነገር ነገርኩት። ሞተር ሳይክሉን፣ ሦስቱን ጉዞ፣ ደረቷ ላይ የታሰረውን ስልክ። ረጅሙ ከታብሌቱ ቀና አለ።

«ፍጥነት ሲጨመርበት ዝም የሚለውን ነገር... እሱን ያስገባችው እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ኩባንያ ይመስለኝ ነበር» አለ። «ነጮች ያሉበት ኩባንያ።» ስልኩን አወጣ። «ቁጥሯን አምጣ። ግን ንገርልኝ፤ የእኔ ፍሬን እንደዚያ ዘግይቶ አይይዝም ነበር!»

ሁሉም ከፈሉ ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ይሆንብኛል። ሰባቱ ከፈሉ። ሁለቱ «ሞያሌ ስንገባ» አሉ። አንዱ ተናዶ ከስልኩ አጠፋው፤ አንዱ እስከ ዛሬ በነጻ ይነዳል፣ ያኮርፋል ደግሞ። የተሰበሰበውም የአንዲት ክፍል ኪራይ አይሆንም። ሥራውንም ከመግባት አላስቀራትም። ግን የሰባት ሰው ክፍያ በአንድ ቀን ሲገባ፣ ከየክፍያው ጋር ደግሞ ሰባት የድምፅ መልእክት ሲመጣላት፣ አንዱ ስለ ፍሬን፣ አንዱ ስለ አህያ፣ አንዱ ቱርቢ ላይ ስላለ የውሃ ጉድጓድ፣ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ሌላ ነበር። ቢሮውን ለምና አርብ አርብን ለመንገዱ ሥራ አስቀርታለች።

«አርብ ይመጣሉ፣ አባባ? ከማርሳቢት ወዲያ ያለውን እኔ ያኔ በልጅነቴ ብረቱ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው ያለፍኩት፤ አላየሁትም።»

ሄድኩ እንጂ፤ መጀመሪያ የሜሪሌን ስህተት አሳየኋት። አርብ በአርብ ኪሌሌሽዋ እወጣለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ እነግራታለሁ፣ እሷ ትሥላለች። የምትጠይቀኝ ጥያቄ! «ከቱርቢ ስትወጡ ፀሐይዋ በየት በኩል ነበረች?» ትለኛለች። «ዝናብ የነካው ጥቁር አፈር ጎማ ላይ ሲጠቀለል ምን ዓይነት ድምፅ አለው?» እንዳለኝ ያላወቅሁትን ነገር ከውስጤ ታወጣዋለች። አንድ ቀን አንዲት ጠመዝማዛ ቦታ ላይ ተከራከርን፤ እኔ ወደ ግራ ነው እላለሁ፣ የተረፈው መንገድ ወደ ቀኝ ይላል። ሄዳ አየችው። ወደ ቀኝ ነው። «ሶሪ አባባ» አለችኝ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ፤ እኔን ደስ ለማሰኘት አልዋሸችም።

መንገዱ በየአርቡ ትንሽ ትንሽ ይረዝማል። የእኔ ዓይን ደግሞ ከወዲህም ከወዲያም ይጠባል። መጀመሪያ የማታቱ ረዳት ከጎኔ ሲቆም አይታየኝም፤ ኋላ የሻይ ኩባያዬን እደፋ ጀመር። የቱ ይቀድማል እያልኩ ማሰቤን አልደብቅም። ለእሷ ግን አልነገርኳትም፤ ቸኩላ እንዳታበላሸው።

ሞያሌ የተከፈተ ቀን ሚስቴ ሱቋን በጊዜ ዘግታ መጣች። ታብሌቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ከማርሳቢት ተነሳሁ። ዲዳ ገልገሉ ገባን፤ ጥቁሩ ድንጋይ ከፊቴ ተዘረጋ፤ መሃሉ ይታየኛል፣ ዳርና ዳሩ የለም። ሁለት ጊዜ ከመንገድ ወጣሁ። በሦስተኛው ጊዜ ሚስቴ አጠገቤ ተጠግታ ተቀመጠች።

«ወደ ግራ ትንሽ» አለች። «አይ፣ በዛ። ግመል! በቀኝ በኩል ግመል አለ!»

«የት?»

«እኔ አየሁልህ፣ አንተ ዝም ብለህ ንዳ!»

እኔን አግብታ ስትኖር፣ እኔ ሳምንት ሁለት ሳምንት የምጠፋበትን መንገድ አንድም ቀን አይታው አታውቅም። ያኔ ሽፍታ ስለነበረ ማንም ሚስቱን ይዞ አይሄድም። «እዚህ ነበር የምታድረው?» ትለኛለች። «ከዚህ ድንጋይ ጋር? እኔ ደግሞ ሞያሌ ሌላ ቤት አለው ብዬ!» ትስቃለች፤ ስትስቅ ድምፅዋ ልክ አይደለም። ቱርቢን አለፍን። አቧራው ያችን የማምሻ ቀለም ያዘ። ከሩቅ ኮረብታው ብቅ አለ፤ መሃል ላይ ስለሆነ እኔም አየሁት፤ ደህና አድርጌ አየሁት። ዳር ዳሩን፣ ግመሉንና ጉድጓዱን፣ መንገዱ የሚያልቅበትን ጠርዝ ሁሉ እያየችልኝ ሞያሌ ያገባችኝ ግን ሚስቴ ናት።